ከጥድ ቅጠል ሥር የመጣ ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ አንዲት ትንሽ መሣሪያ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። የሳሙና መያዣ የምታክል፣ ማንጠልጠያ ያላት ብርቱካናማ ነገር ናት። ቁልፏን ስትጫነው «ጢጥ» አለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሃን እያጠብኩ ስለነበር አላየኋትም። ድምፁን ስሰማ ግን እጄ ባለበት ቆመ፤ የረጠበ የጥድ ቅጠል ሽታም ከየት መጣ ሳልል አፍንጫዬን ሞላው።

«ማሚ፣ ውሃውን ዝጊው እንጂ» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት፣ እያወቅኩት።

«ቢከን ነው። ላይክ፣ በረዶ ከተናደብሽ ጓደኞችሽ የሚያገኙሽ በሱ ነው። ግን ምንም አይሆንም፣ ኦኬ? ሁላችንም ትሬኒንግ ወስደናል።»

ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ወደ ምዕራቡ ተራራ ልትሄድ ነው። ጠባቂና ማመላለሻ ባለበት ቦታ ስኪ የሚያደርጉ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ፣ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መንገድም ቤትም ከሌለበት ወጥተው፣ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ነው የሚወርዱት።

እህቴ፣ አንቺም እናት ነሽና ይገባሻል። እኔ ምድጃ ማጥፋቴን ተመልሼ ሳላይ ከቤት የማልወጣ ሴት ነኝ። ልጄ ሃይዌይ ላይ ከሆነች፣ ደረስኩ እስክትለኝ እህል አይወርድልኝም። እሷ ደግሞ ፍርሃቴ ካለማወቅ የመጣ ይመስላታል። «አንቺ እኮ በረዶ አታውቂም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የተራራ በረዶ ረግጬ አላውቅም። ግን በረዶ የቀበረው ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። በአባቴ ዲቪ አሜሪካ መጥተን ዓመት አልሞላንም። አትላንታ ዳር፣ ፓይን ሌክ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ እንግሊዝኛዬም ለሰላምታ እንኳ አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ የቸርች ሰዎች ያገኙልኝ ሥራ ልጅ መጠበቅ ሆነ። ቤቱ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲያደርሰኝ በሩ ድረስ ይነዳና ገብቼ እስክዘጋው ቆሞ ያያል። ፍርሃቱ የዘር ነው መሰለኝ።

የቤቱ ጓሮ ቁልቁል ይወርዳል። ታች ጅረት አለ። ረጃጅም ጥዶች ዙሪያውን ከብበውት ቀኑን ሙሉ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ቡናማ ቅጠል፣ እዚህ ሰዉ በየአበባው ሥር የሚያነጥፈው። ፀሐይ ሲመታው ጓሮው ሁሉ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ እንደ መሬት ውስጥ፣ እንደ ጉድጓድ ይሸታል።

የምጠብቃት ልጅ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባትየው ረጅም ሰው ነው፤ በብርዱ ወራት አፍንጫው ተልጦ ይመጣል። አትላንታ ውስጥ ትንሽ በረዶ ጣል ሲያደርግ ሰዉ ወተትና ዳቦ ሊገዛ ይጋፋል፤ እሱና ጓደኞቹ ግን በረዶ ፍለጋ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ሐኪም አለ፣ አስተማሪ አለች፣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ። የሚያገናኛቸው በረዶው ነው።

እዚህ በረዶ ስለሌለ የሚለማመዱት በጥድ ቅጠል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ ቅጠሉን እየጠራረጉ ትልልቅ ክምር ይሠራሉ። ከክምሮቹ በአንዱ ውስጥ አንድ መሣሪያ ይደብቃሉ። ከዚያ አንዱ ሰው ሌላ መሣሪያ ይዞ መሬት መሬት እያሳየ በጉልበቱ እየዳኸ ይፈልገዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ያበዱ መስሎኝ ለአባቴ ነገርኩት።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸው አባባ፤ ዕቃ ቅጠል ውስጥ ይደብቁና በአራት እግራቸው ይፈልጋሉ።»

«ከጠፋ ሌላ አይገዙም?»

«አልጠፋም እኮ! ራሳቸው ናቸው የደበቁት።»

አባቴ መንገዱን ትቶ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ የሚሰጡሽን ነገር አትብዪ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ነገሩን ያስረዳችኝ ልጅቷ ናት። መሣሪያው ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይሰማል። ጩኸቱን የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ የሚሰማው ሌላ መሣሪያ ነው። ተራራ ላይ የሁሉም መሣሪያ ይጮኻል። በረዶ ተንዶ አንዱን ከቀበረው የቀሩት የራሳቸውን ፈጥነው ወደ መስማት ይለውጣሉ፤ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለም ወደ ተቀበረው ይመራቸዋል። ከቆሙት አንዱ የራሱን ማጥፋት ከረሳ ግን መሣሪያው ወደ እሱ፣ ወደ ደህናው ሰው ይመራል። የተቀበረው ከበረዶው ሥር እየጮኸ ይቀራል። ስለዚህ አባትየው ልምምዱን ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነበር። እጁን አንስቶ «ሁሉም ይስማ!» ይላል።

ልጅቷ የራሷ ትንሽ ሰማያዊ መሣሪያ ነበራት። በጓሮ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ከሁሉ የምትወደው መቀበር ነው። መሣሪያውን አንገቷ ላይ አድርጋ ክምር ውስጥ ትገባለች፤ አባቷ ቀለል አድርጎ ቅጠል ያለብሳታል። እኔ እባብ አለ፣ ሸረሪት አለ እያልኩ ዳር ቆሜ ነፍሴ ትወጣለች። አባቷ ሌላ ቦታ የሚፈልግ መስሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይዝቃል። ቅጠሉ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚታየው ጥርስ አልባ ሳቋ ነበር።

«አገኘሁሽ!»

«ዘገየህ!» ትለዋለች፣ ቅጠሉን እያራገፈች።

ወደ ተራራ ሲሄዱ ደግሞ አንድ ወግ ነበራቸው። አንዱ በሩ ላይ መሣሪያውን መስሚያ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን አብርተው አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋሉ። «ጢጥ» ካላለ አይወጣም። የመጨረሻው ጊዜ በሩ ላይ የቆመው አባትየው ነበር። ልጅቷም ሰማያዊዋን አብርታ፣ በፒጃማዋ፣ ከትልልቆቹ ኋላ ተሰልፋ አለፈች። «ጢጥ» አለላት። አጎንብሶ ጭንቅላቷን ሳማት።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ወሬው የመጣ ቀን ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ትቀባ ነበር። እናትየው ስልኩን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደሚባል አልሰማሁም፤ ፊቷን ብቻ ነው ያየሁት። ስልኩን አስቀምጣ ተነሳች፣ መጥታ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች፣ እና ነገረቻት። እዚያው፣ ቀለሙ በልጅቷ እጅ እያለ። አባትሽ ሞተ አለቻት። በረዶ ተናደባቸው፤ እሱና ሦስት ጓደኞቹ ሞቱ አለቻት።

እህቴ፣ እኛ እንዲህ አናደርግም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ የሚደግፍ እጅ አጠገብ ሳይኖር ለሰው መርዶ አይነገርም። ማታ መኪና ውስጥ ለአባቴ ስነግረው መሪውን በመዳፉ መታው።

«በቁሟ? ለሕፃኗ?»

«በቁሟ፣ አባባ።»

«ብቻዋን?»

«እኔ ነበርኩ።»

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ የኔ እናት!» አለ።

እኔን ያስፈራኝ ግን ልጅቷ አለማልቀሷ ነው። ቀለሙን አስቀምጣ «ቢከኑ በርቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«በርቶ ነበር» አለች እናትየው።

«ታዲያ አላገኙትም?»

«አግኝተውታል የኔ ፍቅር።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ትልልቆቹ ጨዋታውን አበላሽተው ሊያታልሏት የሚሞክሩ ነበር የመሰላት። በምታውቀው ዓለም የተገኘ ሰው ቅጠሉን አራግፎ ይነሳል።

የአባትየውን መሣሪያ ከተራራው ይዞ የመጣው አንድ ጢማም ጓደኛው ነው። አብሯቸው ነበር፤ በረዶው እሱን ዳር ላይ ትቶት አለፈ። ቆፍሮ ያወጣቸውም እሱ ነው። ጥፍሮቹ ጠቁረው ነበር። መሣሪያው አሁንም እንደ በራ ነው፤ ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል። እናትየው ተቀብላ ሳሎኑ ውስጥ ካለው የእሳት ማንደጃ በላይ አስቀመጠችው። «ማንም እንዳይነካው» አለች። ሥራዬን ስሠራ ባየሁት ቁጥር ብልጭ ይላል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ፈራሁ። ሰውየው ከዚያ ሆኖ የሚጣራ ይመስለኝ ነበር።

የለቅሶው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። አባቴ ሱፉን ለብሶ፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አብረን ሄድን። «እንጀራቸውን በልተሻል፤ ሳይደርሱ መቅረት አይሆንም» አለኝ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የእርጥብ ካፖርትና የሾርባ ሽታ ይሸታል። የበረዶ ጓደኞቻቸው ሁሉ መጥተዋል። እያንዳንዱ ሲገባ መሣሪያውን ያበራና ከአባትየው መሣሪያ ጎን ያስቀምጣል፤ ለሞቱት ክብር መሆኑ ነው። ቀዮቹ መብራቶች ተደርድረው ብልጭ ይላሉ። አንድም የሚጮህ ሰው የለም። ቆመው፣ ብርጭቆ ይዘው፣ ቀስ ብለው ያወራሉ። አንዳንዴም ስለ ሟቾቹ አንድ ነገር አንስተው ይስቃሉ።

አባቴ በጆሮዬ «ለቅሶ ነው ያልሽኝ?» አለኝ።

«ለቅሶ ነው።»

ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ደረጃው ላይ ብቻውን ወደ ተቀመጠው ጢማም ሰው በአገጩ አመለከተኝ። «ያ ሰውዬ ግን እያለቀሰ ነው» አለ። ሰውየው ዓይኑ ደረቅ ነው። እጆቹን ያያል።

ለልጅቷ ምግብ በሰሃን ይዤ ወደ ክፍሏ ወጣሁ። የለችም። አልጋ ሥር አየሁ፣ ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ቤዝመንት ወረድኩ። የለችም። ወጥ ቤት ስገባ ቀዝቃዛ ነፋስ እግሬን ነካኝ፤ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ቦት ጫማዋ የለም። ከውጭ የጅረቱ ድምፅ ይሰማኛል። ሌላ ጊዜ ከዚያ አይሰማም ነበር። በዝናቡ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እያጓራ ነበር።

ሰሃኑ ከእጄ ወደቀ። «ልጅቷ የለችም!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ። እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። አባቴ ከሳሎን በታክሲ እንግሊዝኛው እየተረጎመ ጮኸላቸው። ሰዉ ሁሉ ብርጭቆውን ጥሎ ወጣ። ስሟን እየጠሩ ተበተኑ። እናትየው በካልሲዋ ወደ ጅረቱ ሮጠች። ጭቃው ላይ ወድቃ ስትነሳ አየኋት።

ያኔ ነው ሚስማሩን ያየሁት። ባዶ ነው። ሰማያዊው የለም።

«ቢከን!» አልኩ። ጢማሙ ሰው ከደረጃው ተነስቶ አጠገቤ ደርሶ ነበር። ባዶውን ሚስማር አየ፣ ወደ ሳሎን ሮጦ የራሱን መሣሪያ አንስቶ መስሚያ ላይ አደረገው። መሣሪያው እንደ እብድ ጮኸ። ወደ ጓሮው ይዞ ወጣ፤ መሣሪያው ላይ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ቤቱ ይዞራል። ከማንደጃው በላይ የተደረደሩት ሁሉ እየጮኹ ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ ብዙ ጩኸት ከተደባለቀበት አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም ነበር።

«ሁሉም ይስማ!» ብሎ ጮኸ። የሞተው ጓደኛው ቃል ነው። ሰዎቹ ባሉበት ደነገጡ። ከዚያ እየተጋፉ ገብተው የየራሳቸውን አጠፉ። ቀዮቹ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

ቀስቱ አሁንም ወደ ማንደጃው ነው። አንድ ቀርቷል።

እናትየው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆማለች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ጢማሙ ሰው ድምፁ እየተቆራረጠ «እሱ እየጮኸ እሷን መስማት አልችልም» አላት።

ሄዳ አነሳችው። ደረቷ ላይ ያዘችው። አውራ ጣቷ ቁልፉን ሲጫን ይታየኛል። መብራቱ ጠፋ። ያን ሁሉ ቀን ስጠብቀው የነበረው ጩኸት ያኔ ከውስጧ ወጣ፤ ልክ እንደኛ አገር ሴት ጮኸች። አባቴ «እግዚኦ» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

መሣሪያው ዝም አለ። እህቴ፣ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ነው የገደለኝ። ሰውየው ዝናቡ ውስጥ ወጣ፤ ምንም። ወደ ጅረቱ ወረደ፤ ምንም። እኔና አባቴ ከኋላው ነን። እባክህ አምላኬ፣ እባክህ፣ ብቻ ነው የምለው። ከጅረቱ ዞሮ በጓሮው ዳር አፈሩን ወደ ደገፈው የድንጋይ ግንብ ሲሄድ «ጢጥ» አለ። ቆመ። አንድ እርምጃ፤ «ጢጥ»። ከዚያ ፈጠነ፣ ከዚያ ተከታተለ፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ።

ግንቡ ሥር ያለው የጥድ ቅጠል ክምር ከሁሉ ትልቁ ነው። እንደ ጨዋታው ጊዜ ቀለል ያለ አልነበረም። ከላይ ያለው አፈር በዝናቡ ተንዶ ቅጠሉን ጭኖታል። ሦስታችንም በእጃችን ዛቅን። አባቴ በሱፉ ተንበርክኮ እንደ ጭድ በእቅፍ በእቅፍ ይጥላል። ቅጠሉ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ እንደ ጉድጓድ የሚሸት ነበር። ቀይ ቦት ጫማ ታየ። የማይንቀሳቀስ።

ጢማሙ ሰው ጫማውን ሲያይ እጁ ቆመ። ፊቱ ወረቀት መሰለ። የት እንደሄደ ገባኝ፤ ወደዚያ ተራራ ተመልሷል። አባቴ ትከሻውን ገፋው። «ቀጥል እንጂ ወንድሜ! ቀጥል!» አለው፣ በአማርኛ። ሰውየው ምን እንደተባለ ያወቀ ይመስል እንደገና መዛቅ ጀመረ።

ወጣች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ፀጉሯ ቅጠል በቅጠል ነው። ሳለች። ተነፈሰች። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ከዚያ ከኋላችን ያለውን ባዶ ጓሮ ፈለገች፣ ፈለገች።

«እሱስ?» አለች። «የሚያገኘኝ እኮ እሱ ነው።»

ሰውየው ካፖርቱን ከፍቶ ውስጡ አስገባት። «አገኘሁሽ» አላት። «አገኘሁሽ፣ አገኘሁሽ» ይላል፣ እየደጋገመ፣ እሷን ይሁን ራሱን የሚያባብለው አላውቅም። እናቷ ስትደርስ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ዘገየህ የምትለው ሰው እንደማይመጣ ያኔ ገባት።

ያን በጋ ቤቱን ሸጠው ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ስንሰነባበት እናትየው ሰማያዊውን መሣሪያ በመዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ቤቷ እንዲኖር አልፈለገችም፤ መጣልም አልቻለችም። እኔ ከወጥ ቤት ፎጣዎች ሥር አስቀመጥኩት። ልጄ ስትወለድ ባትሪውን ቀየርኩ። ከዚያም በየልደቷ እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መሳቢያውን ከፍቼ ከብርቱካናማው ጎን አስቀመጥኩት።

«ዋት? ማሚ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ነገርኳት። አሁን ለአንቺ እንደነገርኩሽ። ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ አልሄድም የምትል መስሎኝ ነበር፤ የነገርኳትም ለዚያ ነው። ተነስታ አንገቴን አቀፈችኝ።

«እሄዳለሁ ማሚ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አንድ ሰው ከጠፋ ሁሉም ይስማ። ሁልጊዜ ማጥፋት የሚረሳ አንድ ሰው አይጠፋም።»

«አልረሳም።»

ዛሬ ጠዋት ጓደኛዋ መኪናውን ግቢው ፊት ፓርክ አድርጋ ክላክስ ስታደርግ በሩ ላይ ቆምኩባት። ሰማያዊውን መስሚያ ላይ አድርጌያለሁ። ልጄ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። የራሷን አብርታ በፊቴ አለፈች። «ጢጥ» አለላት። አጎንብሳ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከእኔ ከረዘመች ቆይታለች።

«እስከ መታጠፊያው ድረስ አታጥፊው» አልኳት።

«ባትሪ ይጨርሳል እኮ።»

«እስከ መታጠፊያው ብቻ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ መንገዱ ላይ ወጥቼ መሣሪያውን ወደ እነሱ ዘረጋሁት። ድምፁ እየቀዘቀዘ፣ እየተራራቀ ሄደ። ከጎረቤቶቹ ጥዶች አጠገብ አንድ ጊዜ «ጢጥ» አለ። ከዚያ ዝም።

የመሣሪያው ጆሮ ከዚህች መንገድ እንደማያልፍ አውቃለሁ እህቴ፤ ያን ያህል አልተሞኘሁም። ግን ይኸው ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላችን ነው። አላጠፋሁትም። ትንሽ ዝም እንበልና እንስማ።